የተሸናፊው ሲኒ

ሃምሳ አለቃ ታረቀኝ አስከሬን አይቶ ቁርሱን የሚበላ ሰው አልነበረም። ደግነቱ በዚያ ሰኞ ጠዋት ገና እህል ሳይቀምስ ነው የተጠራው። መምህር ይግዛው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋው ወርዶ፣ ጉልበቱን ከሆዱ አጣብቆ ወለሉ ላይ ሞቷል። ከራስጌው ያስመለሰበት ሳፋ ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ አገሩ ጎጃም ነው፤ ቆቦ ከተመደበ ጀምሮ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም።

ጊዜው ኅዳር 1979 ዓ.ም. ነው። በራያ ሜዳ ማሽላው የሚታጨድበት፣ ወባም በበኩሏ ሰው የምታጭድበት ወር ነው። አንድ መምህር ትኩሳት ይዞት ቢሞት ማንም ጉድ አይልም ነበር፤ የከተማው ካድሬ እሸቴ ግን ጥላውንም የሚጠረጥር ሰው ነው።

«ይኸውልህ ጓድ» አለና የሟቹን የተጨበጠ እጅ አሳየው። ጣቶቹ መሃል አራት የለስላሳ ቆርኪዎች አሉ፤ በያንዳንዳቸው ሆድ በነጭ ቀለም አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ኤም፣ ኦ፣ ቲ፣ ኤች! ይሄ የወንበዴ ምስጢራዊ ምልክት ካልሆነ እኔ እሸቴ አይደለሁም።»

«ቆርኪ ነው» አለ ታረቀኝ።

«ቆርኪ መሆኑንማ መች አጣሁት! ጠረጴዛው ላይ ያለውንም ክኒን ተመልከት። የሰጠው ድሬሰሩ ደሳለኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት ክሊኒኩ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷቸዋል። ደሳለኝን አሁን አስሬው መምጣቴ ነው። ከሰዓት የደሴው ላንድሮቨር ሲደርስ ጭኜ እልከዋለሁ፤ የቆርኪውን ትርጉም እዚያ ይናገራል።»

በዚያ ዘመን በዚያ መኪና ተጭኖ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታረቀኝ ያውቃል። አንዳንዱ አልተመለሰም። ዘመዶቹም ሞተ ብለው እንዳያለቅሱ አለ ብለው እንዳይጠብቁ ሆነው ቀርተዋል።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የክኒኑ ወረቀት ገና መፈታቱ ነው፤ ውስጡ ያለው አልተነካም ማለት ይቻላል። የሟቹ ክንድ ላይ የመርፌ ምልክት የለም። ወደ ሳፋው ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ካስመለሰው መሃል ቀላ ያለ ድቃቂ ነገር አየ። ሽታውን ያውቀዋል። የት እንደሚያውቀው ግን አልመጣለትም።

«ጓድ እሸቴ፣ መኪናው እስኪመጣ ልጁን ለእኔ ተወው።»

«እስኪመጣ ብቻ!»

ደሳለኝ በቀበሌው እህል መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። የጎንደር ልጅ ነው፤ ወጣት ነው፤ ለራሱ ይሁን ለጓደኛው እንደሚያለቅስ አይለይም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለ ታረቀኝ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ።

«በጤናው! ጉበቱ ታሟል፤ አምና ቢጫ ሆኖ ነው የተረፈው። አሁን ደግሞ ወባው ተደረበበት። ተኛ አልኩት፣ እሑድ የቆርኪ ጨዋታ አይቀርብኝም አለኝ። በዚህ ጮህኩበት። ሌላ ጠብ አናውቅም።»

«የቆርኪ ጨዋታ ምንድነው?»

ደሳለኝ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ አስረዳው። እሑድ እሑድ ከሰዓት አራት ሆነው በእማማ ኡሙሃኒ ግቢ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፦ ይግዛው፣ ደሳለኝ፣ የጂኦግራፊ መምህሯ ጌጥነሽና የእማማ ልጅ ኡሙልኸይር። ቆርኪዎቹ ከረጢት ውስጥ ናቸው። አንዱ አራት ያወጣል። እያንዳንዱ በተራው እነዚያን አራት ፊደሎች ሁሉ የያዘ የእንግሊዝኛ ቃል ይናገራል፤ ሌላ ፊደል ቢጨመርበት ችግር የለም። ቃሉ ያጠረበት ወይም ጭራሽ ያጣ ይሸነፋል። ተሸናፊ ቆርኪዎቹን ይዞ ቤቱ ይሄዳል፤ እስከ ሳምንት ሲያስብበት ይከርማል።

«ስለዚህ ትናንት የተሸነፈው ይግዛው ነው» አለ ታረቀኝ።

«ተሸንፎ አያውቅም እኮ! ትናንት የመጀመሪያው ነው። የምትሸነፈው ሁልጊዜ ኡሙልኸይር ናት። አንድም ቀን አምልጣ አታውቅም፤ እኛም እንስቅባታለን።»

«ተሸናፊ ቅጣት የለበትም?»

«አንድ ሲኒ የግራዋ ውሃ፣ ሳይተነፍሱ። እማማ ኡሙሃኒ ጨዋታው ሳይጀመር ያዘጋጁና ክዳን ደፍተው መደቡ ላይ ያስቀምጡታል።» ደሳለኝ በእንባው መሃል ፈገግ አለ። «ደግ ሴት ናቸው። ትናንት ይግዛው ሲኒውን ሲያነሳ ‹ተው የኔ ልጅ፣ አንተ በሽተኛ ነህ፣ እኔ ልጠጣልህ› ብለው እጁን ያዙት። ‹ሕግ ሕግ ነው እማማ› ብሎ ጨለጠው። ፊቱን ቢያዩት! ስንስቅ ዋልን። ሃምሳ አለቃ፣ ስንስቅ ነው የዋልነው።»

«ሌላ ምን ቀመሰ?»

«ሁላችን የበላነውን ቆሎ። ሌላ አልጠጣም። ቤቱ እህል አልቀመሰም ነበር።»

ታረቀኝ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። «ኡሙልኸይርን ትወዳታለህ?»

«እንደ እህቴ። ደሴ ጤና ረዳት ለመማር ፈተና እንድትቀመጥ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄድ ነበር። ይሄ መዓት ባይመጣ።»

ጌጥነሽን ባዶ ክፍል ውስጥ አገኛት። ይግዛው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲቀር ቤቱ ሄዳ ሬሳውን ያገኘች እሷ ናት። ዓይኗ ደርቋል፤ እንባው ያለቀባት ትመስላለች።

ታረቀኝ አራቱን ቆርኪዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት። «እህቴ፣ ከነዚህ ቃል ማግኘት ከባድ ነው?»

ጌጥነሽ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ትጽፍ ጀመር። «ማንዝ፣ ወር ማለት ነው። ማውዝ፣ አፍ። ስሙዝ፣ ለስላሳ። እኔ ትናንት ሳምቲንግ አልኩ። ደሳለኝ በሙያው ቴርሞሜትር አለና ገደለን።» መጻፏን አላቆመችም። ከላይ እስከ ታች ሞላችው፤ ታረቀኝ ቢያቆማት ወለሉም ላይ የምትቀጥል ይመስል ነበር። በመጨረሻ ግንባሯን ሰሌዳው ላይ ደግፋ ቆመች። «አየህ? እሱ ያስተማረኝ ነው። እሱ ደግሞ ተኝቶም የዚህን እጥፍ ያወጣል።»

«ታዲያ ለምን አጣ?»

«አላጣም። ኡሙልኸይር ማዘር አለች፣ እናት ማለት ነው። ከሦስታችን አጭሩ የሷ ነበር። የሱ ተራ መጨረሻ ነው። ያገኘውን ቢናገር ሲኒው እንደ ልማዷ የእሷ ነበር። አያት፣ አየት አደረጋትና ‹አላገኘሁም› አለ። ነገ መንገደኛ ናት። አንድ ቀን እንኳ ሳትሸነፍ እንድትሄድ ፈልጎ ነው። እኔ ገብቶኛል፤ እሷ እስካሁን ያወቀች አይመስለኝም።»

«ቅር አለሽ?»

ጌጥነሽ ዞር ብላ አየችው። «እወደው ነበር። አንድም ቀን አልነገርኩትም። እሱ እሷን ነው የሚያየው። ስለዚህ ኡሙልኸይር ደሴ እንድትሄድ ከኔ የበለጠ የጓጓ ሰው የለም። ትናንት ስቄ ነው ያመሸሁት። ይህን ከጠየቅከኝ መልሱ ይኸው ነው።»

ታረቀኝ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ሰው እንዲህ አንጀቱን አውጥቶ ሲሰጠው ደስ አይለውም፤ መቀበሉ ግን ሥራው ነው።

የእማማ ኡሙሃኒ ግቢ ከገበያው ማዶ ነው። ኡሙልኸይር በሩ ጥግ በገመድ በታሰረ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች። እናቷ ከመደቡ ጫፍ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«አሰላሙ አለይኩም እማማ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ወአለይኩም ሰላም። ያ ረቢ! ምን ዓይነት ልጅ ነበር፣ ወንድሜ! ምን ዓይነት ልጅ!»

«ትናንት ለሱ አዝነው ሲኒውን ሊጠጡለት ነበር አሉ።»

መቁጠሪያው ቆመ። «አዎ… በሽተኛ ነዋ።»

«ወንዶች ልጆች አሉዎት?»

«ነበሩኝ» አሉ ኡሙሃኒ። «አህመድና ሙሀመድሰይድ። ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ወሰዷቸው። አህመድ መሞቱን ነገሩኝ። የታናሽየውን የነገረኝ የለም። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ ለኔ አይመለስም፣ ወላሂ። አሁን እሷ ብቻ ቀረችኝ።»

ታረቀኝ ግቢውን በዓይኑ ዞረው። የትናንቱ የቆሎ ገበታ እንዳለ ነው፤ የተጠጣበት ጣሳ ሁሉ ዝንብ ወሮት ተደርድሯል። በሐዘን ጠዋት ዕቃ ትዝ አይልም። ሁለት ነገሮች ብቻ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደፍተዋል፦ አንዲት ሲኒና አንድ ሙቀጫ። ሙቀጫውን አንስቶ ሆዱን አየ። ንጹሕ ነው። ገልብጦ አየው። ከታች በኩል በተሰነጠቀው ላይ ቀላ ያለ የደረቀ አበባ ስባሪ ተሰክቷል። በጥፍሩ ፈልቅቆ አሸተተው።

ያን ጊዜ ላስታ ገደል አፋፍ ላይ ያለው የእናቱ ቤት ድቅን አለበት። በልጅነቱ አፍንጫውን ይዛ ስትግተው፣ እሱ ሲንፈራገጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ሳይርቅ ሲውል። ኮሶ! ነፍሱ አዘነች። ገዳዩን ያገኘ መርማሪ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ያንን ሙቀጫ ባላነሳሁት አለ በሆዱ።

ላንድሮቨሩ ሲደርስ እሸቴ ደሳለኝን እጁን የፊጥኝ አስሮ ይዞት መጣ። ታረቀኝ ሁሉንም ቁርቁራው ሥር፣ እሑድ እሑድ በሚቀመጡበት ቦታ አስቀመጣቸው። የይግዛው በርጩማ ባዶውን ነበር።

«ቶሎ በል!» አለ እሸቴ። «ሾፌሩ ሳይመሽ መንገድ እንጀምር ይላል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ጓድ። በመጀመሪያ ክኒኑን እንተወው፤ ይግዛው ምኑም አልነካውም። ቆርኪዎቹም ምልክት አይደሉም፤ የጨዋታው ተሸናፊ ይዟቸው የሚሄድ የቤት ሥራ ናቸው። ትናንት አራቱም የበሉት አንድ ቆሎ ነው። ይግዛው ብቻውን የቀመሰው ነገር አንድ ነው፤ የተሸናፊው ሲኒ።»

ኡሙልኸይር ሻሿን ከፊቷ ላይ አነሳች።

«በሲኒው ውስጥ ከግራዋው ጋር ኮሶ ነበረበት» አለ ታረቀኝ። «ሳፋው ውስጥ አይቼዋለሁ። ግራዋ መራራ ነውና ኮሶውን ሸፈነው፤ ሳይተነፍሱ ስለሚጠጣም ቀማሹ አይለየውም። ደሳለኝ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ወባ የያዘው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ብዙ ኮሶ ቢጠጣ ምን ይሆናል?»

«ይሞታል» አለ ደሳለኝ። «ጤነኛውንም ያደክመዋል፣ ይግዛውንማ… ይሞታል።»

«ይኸው ነው! ድሬሰሩ ጨመረበት!» አለ እሸቴ።

«እስቲ ተከተለኝ ጓድ። ሲኒው የተዘጋጀው ቆርኪ ከከረጢት ሳይወጣ ነው። ማን እንደሚሸነፍ ገና አልታወቀም። ይግዛውን ሊገድል የፈለገ ሰው ይግዛው ነክቶት በማያውቀው ሲኒ ውስጥ መርዝ ያደርጋል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንበታል። ሲኒውን ሁልጊዜ የሚጠጣ አንድ ሰው ነው ያለው። ያ ኮሶ የተቀመጠው ለኡሙልኸይር ነው።»

«ለኔ?» አለች ኡሙልኸይር። «እኔን ማን ይጠላኛል?»

«ማንም አይጠላሽም እህቴ። እኔም መጀመሪያ ጠላት ስፈልግ ነበር የተሳሳትኩት። ጠላት መርዝ ነው የሚሰጥ። ኮሶ ለማን ይሰጣል? እኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው ዳኛ ቢጠራውም አይሄድም ይባላል። ቀኑን ከቤቱ፣ ከጓሮው አይርቅም። ኮሶ ያጠጣሽ ሰው እንድትሞቺ አልፈለገም። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ላይ እንዳትወጪ ነው የፈለገው። ደሳለኝ ለፈተናው ያስመዘገበሽ ራሱ ነው። ጌጥነሽ መሄድሽን ትናፍቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለራሷ ልተወው። ይግዛው አንዴ እንኳ ሳትሸነፊ ሂጂ ብሎ ያወቀውን ቃል ዋጠልሽ።»

«አውቆ ነው?» አለች ኡሙልኸይር። ጌጥነሽን አየቻት፤ ጌጥነሽ አንገቷን ደፋች። «አውቆ ነው የተሸነፈልኝ?»

«አውቆ ነው። እንግዲህ እንድትቀሪ የሚፈልግ ማን ቀረ? ስትጠጪ ሁልጊዜ እየሳቀ ያይሽ የነበረ፣ ትናንት ግን ሲኒው ወደ ይግዛው ሲዞር እጁን ይዞ የለመነ ማን ነው?» ታረቀኝ ወደ መደቡ መዞር ነበረበትና ዞረ። «እማማ፣ በዚህ ጠዋት ያጠቡት ሙቀጫውንና ሲኒውን ብቻ ነው።»

ከውጭ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ኮሶ ሰው ይገድላል እንዴ?» አሉ ኡሙሃኒ። ድምፃቸው የሕፃን ይመስል ነበር። «እናቴ አጠጥታኝ አይደል ያደግኩ? ባይበቃትስ፣ ተነስታ ብትሄድስ ብዬ ደግሜ ጨመርኩ። እሱ ሲያነሳው ልጮህ ነበር። ብናገር ልጄ ትጠላኛለች አልኩ። አንድ ቀን ያስቀምጠውና ይተወዋል፣ ወንድ አይደል፣ አልኩ። ጠዋት ሞተ ሲሉኝ… ኢናሊላሂ… ደሳለኝ ልጄ፣ አንተንም ሲያስሩህ ዝም አልኩ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ምላሴ ተሳሰረ። አፉ በለኝ።»

ታረቀኝ የደሳለኝን ገመድ ፈታለት፤ እሸቴ ሊከለክል እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«መኪናው ባዶውን አይመለስም» አለ እሸቴ በመጨረሻ፣ ሰው ላለማየት ወደ ቁርቁራው እያየ።

«አይመለስም። እኔ ራሴ ይዣቸው እሄዳለሁ። ደሴ ፖሊስ ነው የማስረክባቸው፣ ጉዳዩንም ዳኛ ነው የሚያየው። ለመግደል እንዳላሰቡ መጀመሪያ የምመሰክረው እኔ ነኝ። ሌላ የምርመራ ቤት አይገቡም።» ታረቀኝ ካድሬውን ትኩር ብሎ አየው። እሸቴ አልተከራከረም።

ኡሙልኸይር ከሳጥኗ ላይ ተነሳች። ወደ እናቷ የምትሄድ መስሎ ጌጥነሽ እጇን ልትይዛት ተነሳች። ልጅቱ ግን ሳጥኗን አንስታ ግቢውን አቋርጣ ወጣችና ላንድሮቨሩ ላይ ጫነችው፤ ራሷም ወጥታ ጥግ ተቀመጠች። የእሷም መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ደሴ ነበር።

ከቆቦ ወጥተው በታጨደው ማሽላ መሃል ነጎዱ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ልጅቱ ወደ ኋላ የሚሸሸውን መንገድ ታያለች፣ እናቲቱ ልጃቸውን ያያሉ። ሮቢት ሲቃረቡ ኡሙሃኒ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ትናንት ያልተሸነፍሽበት ቃል ምን ነበር? ሁሉም ሲያጨበጭብልሽ ምን አለች ብዬ ብጠይቅ የሰማኝ አልነበረም።»

ታረቀኝ ኪሱ ውስጥ ቆርኪዎቹን ጨበጠ፤ አትመልስላቸውም ብሎ ነበር።

«እናት» አለች ኡሙልኸይር።

ኡሙሃኒ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ልጅቱ አሁንም መንገዱን እያየች ነበር፤ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

«እቀርልሽ ነበር እኮ እማ» አለች። «አትሂጂብኝ ብትይኝ እቀርልሽ ነበር።»